የተገለበጠው ማጮለቂያ

"ውይ እማማ፣ የበሩን ማጮለቂያ ገልብጬ ገጥሜዋለሁ! ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚያሳየው። ቆይ፣ ካቻቢቴዬን ከመኪናው ይዤ ልምጣ" ብሎ አናጢው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ሴትዮዋ ቁልፋቸውን እንደያዙ ከተዘጋው በራቸው ውጭ ብቻቸውን ቀሩ። ነገሩ አሳቃቸውና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀዳዳው አጮለቁ።

ሃያ ዓመት የኖሩበት ክፍል የሰው ቤት መሰላቸው። ከጠረጴዛው አንዱ ጥግ ብቻ ክርን ከማስደገፍ ብዛት ቀለሙን ለቋል፤ ሌላው ገና እንደተገዛ ነው። ከሦስቱ ወንበሮች ሁለቱ ላይ ልብስ ተቆልሏል። ሦስተኛው ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ በሩን ትክ ብሎ ያይ ነበር። እሳቸውማ እስከ ዛሬ ለመስኮቱ ብርሃን ብለው ያዞሩት ይመስላቸው ነበር። የቤቱ ባለቤት አሳዘነቻቸው። ሳያስቡት እጃቸው ተነሳና አንኳኳ።

"ቤቶች!" አሉ።

አናጢው ለካ ተመልሶ ከኋላቸው ቆሟል። "ውስጥ ሰው አለ እንዴ እማማ?"

"አንዲት ሴትዮ አለች" አሉ፣ ዓይናቸውን ከቀዳዳው ሳያነሱ። "ጠያቂ የላትም።"