ይሄ ኮምፒውተር አዲሱን ጌም ይችለዋል?

"አይችለውም ወንድሜ... ይቅርብህ!"

የሮቤው ኮምፒውተር ጠጋኝ ይህን ብሎ ማሽኑን ወደ ፀጋዬ ገፋ አደረገለት።

"ሌላውን ጌም ሁሉ ያጫውተኛል እኮ" አለ ፀጋዬ።

"እሱማ መካከለኛ ነው። አዲሱ ጌም ግን ከባድ ነው... ግራፊክስ ካርዱ አይሸከመውም። ደግሞ ለጌም ምን አስጨነቀህ? ሌላ ተጫወት!"

ፀጋዬ ኮምፒውተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በዝናብ ወደ ቤቱ ሄደ።

የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። የደሴ ልጅ... ለሥራ ተመድቦ ባሌ መጣ።

ጠዋት በሚኒባስ ጎባ፣ ማታ ተመልሶ ሮቤ... ከዚያ አራት ግድግዳ።

በበዓል ቀን እንኳ በሩን የሚያንኳኳ ሰው የለም።

"ዛሬስ እንዴት ዋልክ?" የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበር... ኢንተርኔት ላይ አብሮት ጌም የሚጫወት፣ "ንስር" የሚባል። ፀጋዬም እዚያ ስሙ "ተጓዥ" ነው።

ፊቱን አያውቀውም። መስመሩ ስለሚቆራረጥ የሚያወሩት በጽሑፍ ስለሆነ ድምፁንም ሰምቶት አያውቅም።

ንስር "አዳማ ነው የምኖረው" ብሎታል። ፀጋዬ ደግሞ አፍሮ... "ቦሌ" ብሎ ዋሸ።

አሁን ንስር ወደ አዲሱ ጌም ሊገባ ነው። ኮምፒውተሩ ካልቻለ... ያ አንድ ሰውም ሄደ ማለት ነው።

"አይችለውም አሉኝ" ብሎ ጻፈለት።

"እኔ እያለሁ? ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ጥላውን አጥፋው። ውሃውን፣ ጭሱን፣ ሁሉን ዝቅ አድርገው። አያምርም እንጂ ይሄዳል! እሁድ ከሰዓት እንሞክረዋለን።"

ፀጋዬ ደስ ብሎት ሌላ ሌላውንም አጫወተው።

"ከአጥሬ ወዲያ አንድ ኩሩ ጎረቤት አለኝ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል።"

"የኔው ይብሳል! የመጣ ሰሞን ሰላም ብለው አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። እኔም ተውኩት።"

እሁድ ደረሰ።

ጌሙ ተከፈተ... ተንቀጠቀጠ... ቆመ...

ፀጋዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

ሄደ!

ሁሉም ነገር ደብዝዟል፣ ዛፉ ቅጠል ያለው አይመስልም... ግን ሄደ!

ሁለቱ ጎን ለጎን ተራራውን ወረዱ። የረጅሙ ድልድይ መሃል ሲደርሱ...

ድርግም! መብራት ሄደ።

ፀጋዬ ተናዶ ወደ ግቢው ወጣ። ዝናቡ አባርቷል። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የዚያ ኩሩ ጎረቤቱ እናት የአዴ ረቢያ ድምፅ ተሰማ።

"ማል ታቴ፣ ልጄ ከማለዲን? ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?"

"ጓደኛዬን ድልድይ መሃል ጥዬው ጠፋሁ እማ! ቦሌ ነው ያለው... ኮምፒውተሩ በስንት መከራ ችሎለት... አሁን ትቼው የሸሸሁ ይመስለዋል!"

ፀጋዬ ባለበት ደረቀ።

"አይመስለኝም!" አለ ሳያስበው፣ ጮክ ብሎ። "እዚህም መብራት ሄዷል..."

የእግር ኮቴ ወደ አጥሩ ቀረበ።

"...ተጓዥ?" አለ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ድምፅ።

"ንስር?"

አዴ ረቢያ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። በሩን ከፍታ "ና ግባ ልጄ!" አለችው። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በሳህን ቀረበ።

"አዳማ ነኝ አላልክም?" አለ ፀጋዬ።

"አንተስ ቦሌ ነኝ አላልክም?"

ሳቁ... ከዚያ ፀጋዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያን ቀን በኦሮምኛ ሰላም ስትለኝ... መልሱ ጠፍቶኝ ነው አንገቴን የደፋሁት።"

"ወላሂ የናቅከኝ መስሎኝ ነበር" አለ ከማለዲን።

ግን ምን ዋጋ አለው... የፀጋዬ የደሴ ዝውውር በዚያው ወር ደረሰ። "ሰው የለኝም" ብሎ ቀደም ሲል ራሱ ለምኖ ያገኘው ዝውውር!

እናትና ልጅ መናኸሪያ ድረስ ሸኙት። አዴ ረቢያ አለቀሰች።

ዛሬም ይጫወታሉ... አንዱ ደሴ፣ አንዱ ሮቤ። በመሃላቸው አንዲት ቆርቆሮ ብቻ የነበረችበትን ጊዜ እያሰቡ ይቆጫሉ።

ወዳጆቼ... ፊቱን ላላየነው ሰው ልባችንን እንከፍታለን፣ ለጎረቤታችን ግን ሰላምታ እንሰስታለን። አንገቱን የደፋ ሁሉ የናቀን አይደለም... አንዳንዱ መልሱ ጠፍቶት ነው። እስቲ ሁለተኛ ሰላም እንበለው!

እናንተስ... ከአጥራችሁ ወዲያ የሚኖረውን ሰው ስሙን ታውቁታላችሁ? ከመቼ ወዲህ ሰላም ተባብላችኋል? ከታች ጻፉልኝ፣ እውነቱን ብቻ...