መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠሩት ስም

«ጋሽ ሰመረ... እጅዎን ያንሱ!»

መርሃዊት ክው አለች።

መብራት ድንገት እልም ሲል ነው ጋሽ ገብረጻድቃን እንዲህ ብለው የጮሁት።

ቄራ ባለው በዚህ ጠባብ የቶርኖ ቤት ውስጥ ግን ሰመረ የሚባል ሰው የለም!

ብረት መቅረጽ ልትማር የመጣችው መርሃዊት አለች። አስተማሪዋ ጋሽ ገብረጻድቃን አሉ። በር ላይ የሚበይደው ፊሮምሳ አለ። በቃ።

«ማንን ነው የሚጠሩት?» ብላ ፊሮምሳን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«ተያቸው ባክሽ! መብራት በሄደ ቁጥር እንደዛ ናቸው። ጠበል ቢወስዷቸው ይሻል ነበር» አላት እየሳቀ።

እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ሰውየው ባዶውን ማሽን እያዩ ሰው እንደሚጎትቱ ሁሉ እጃቸውን ሲዘረጉ አይታለች...

ጋሽ ገብረጻድቃን ደግሞ ሲያስተምሩ አይጣል ነው! የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ከመጥረጊያ ሌላ ምንም አላስያዟትም።

ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ ነበራቸው።

«መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፊ! ማሽኑ ቆመ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። መብራት ሲመጣ ሳያስፈቅድሽ ነው የሚነሳው። ገባሽ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

ገባኝ ብትልም አያምኗትም። መብራት በጠፋ ቁጥር ራሳቸው ሄደው ማብሪያውን በእጃቸው ይነካሉ። ዓመት ሙሉ!

እውነቱን ልንገራችሁ... ይሄ ነገር በጣም ያበሽቃት ነበር።

ከዚያ ያቺ ማክሰኞ መጣች።

ጠዋት ጋሽ ገብረጻድቃን ለወርክሾፑ ባለቤት ለሃይለአብ «ልጅቷ ደርሳለች፣ ከእኔ አታንስም» ሲሉ ጆሮዋ ገባ። ደስታዋን የት ታድርገው!

የአንድ ሉካንዳ ቤት የስጋ መፍጫ ብረት ተሰብሮ መጥቶ ነበር። «አንቺ ሥሪው» አሏት። ለብቻዋ ማሽኑ ላይ አስራ መቅረጽ ጀመረች...

መብራት ጠፋ።

ወዲያው ስልኳ ጠራ። ጓደኛዋ ራሕዋ ናት። «ማታ ኦሎምፒያ እንገናኝ?» ነው ነገሩ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

«ማብሪያውን አጥፍተሻል?» አሉ ጋሽ ገብረጻድቃን።

«አዎ ጋሼ!» አለች። ዞር ብላ እንኳን አላየችም።

ለመጀመሪያ ጊዜ... ሄደው አልነኩትም።

አመኗት።

መለኪያቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ወደ ብረቱ ሰደዱ...

መብራት መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልዘረዝርላችሁም። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ሄደ።

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ሃይለአብ እንደ እብድ ይጮኻል። «ማነው ማብሪያውን ያላጠፋው? ማነው?!»

መርሃዊት አፏን ከፈተች። ድምፅ እምቢ አላት።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ገብረጻድቃን። «ረሳሁት።»

«በቃ አርጅተዋል ማለት ነው! ከዛሬ ጀምሮ ማሽን አጠገብ እንዳይደርሱ!»

ሠላሳ ዓመት ከሠሩበት ቤት በአንድ ቃል ተሸኙ። ሰፈሩም «ዘነጉ፣ ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» አለ።

ማሽናቸውስ ለማን ተሰጠ? ለመርሃዊት!

መብራት በጠፋ ቁጥር ማብሪያውን ሁለቴ ሦስቴ ትነካለች። አጠገቧ የሚቆም ሰው ያለ ይመስላታል። ዞር ስትል... ማንም የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ሙዝና ብርቱካን ገዝታ ቤታቸው ሄደች። እጃቸው እንደተጠቀለለ ነው።

«ጋሼ... ለምን እንደዛ አሉ? እኔ እኮ ነኝ!»

የተጠቀለለ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ጋሽ ሰመረ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው» አሉ። «ካዛንቺስ ነበር ወርክሾፑ፣ አሁን ፈርሷል። አንድ ቀን መብራት ጠፋና 'አጠፋህ?' አሉኝ። 'አዎ' አልኩ። አላጠፋሁም ነበር።»

መርሃዊት የተጠቀለለውን እጃቸውን አየች።

«አራት ጣት ነው የሄደባቸው ልጄ። ከዚያ 'እኔ ነኝ የረሳሁት' ብለው ለእኔ ሙያዬን አተረፉልኝ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ቀብራቸው ደረሰ። ሰው 'ጎበዝ ነበሩ፣ መጨረሻ ላይ ዘነጉ እንጂ' እያለ ያወራል። እኔ ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

እንባቸውን በጤነኛው እጃቸው ጠረጉ።

«ውለታቸውን ልመልስ ብዬ ነበር አንቺን ያዳንኩሽ። አሁን ፊትሽን ሳየው ግን... ያዳንኩሽ አልመሰለኝም።»

በማግስቱ መብራት ጠፋ።

መርሃዊት ሮጣ ማብሪያውን አጠፋች። አሁንም ማጥፋቷን አላመነችም። ሳታስበው ከአፏ አመለጣት...

«ጋሽ ገብረጻድቃን... እጅዎን ያንሱ!»

ፊሮምሳ መበየጃውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያን ቀን አልሳቀም።

ይህን ታሪክ የላከችልኝ ራሷ መርሃዊት ናት።

እንደ ልማዴ ስም ልቀይር ነበር። «እንዳትቀይረው!» አለችኝ። «ሃይለአብ ገጽህን ይከታተላል። ፊት ለፊቱ ሦስቴ ሞክሬ ድምፄ እምቢ ብሎኛል። እዚህ ያንብበው። ማብሪያውን የተውኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አልዘነጉም።»

ሃይለአብ... ይኸው አነበብክ።

ቤተሰብ፣ ጥፋታችንን ሌላ ሰው ሲሸከምልን የተገላገልን ይመስለናል። ግን አብሮን ያድራል፣ አብሮን ሥራ ይገባል። ይቅርታ የሚጠየቀው ደግሞ ሰውየው በሕይወት እያለ ነው። ቀብር ላይ ማልቀስ ለእሱ ምንም አይፈይድለትም።

የእናንተን ጥፋት «የእኔ ነው» ብሎ የተቀበለላችሁ ሰው አለ? ዛሬ ብትደውሉለት... ስልኩን የሚያነሳ ይመስላችኋል?