ከሣሩ ሥር
ቧንቧ ሠራተኛው የጣሪያውን አሸንዳ ከጉድጓዱ ጋር ሊያገናኝ ሲመጣ ጉድጓዱን አጣው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ የዝናብ ውሃ እንዲያጠራቅም ያበጀው ጉድጓድ በድንጋይና በፍርስራሽ ተደፍኖ፣ ከላዩ እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋ ሣር ተነጥፎበት ነበር። በዚያ ጠራራ ፀሐይ አንድ የውሃ ጎማ የቧንቧ ውሃ እያንፎለፎለ ያጠጣዋል።

«ጉድጓዱ ግቢዬን አበላሸብኝ» አለ የአዲሱ ቤት ባለቤት፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «ውሃ እንደሆነ ሞልቷል።» የሠራተኛው ደም ፈላ። በእሱ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር፤ ሚስቱ የልጃቸውን ልብስ ባጠበችበት እጣቢ ወለል ትወለውላለች። ጎንበስ አለና የሣሩን ጫፍ ይዞ ሳበው። ሣሩ ከነጭቃው ተላቀቀ። «አብደሃል እንዴ? ልቀቅ! ፖሊስ እጠራለሁ!» ብሎ ጮኸ ባለቤቱ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲያዩ የቆዩት የባለቤቱ እናት ተነሡ። ጭቃውን እየረገጡ መጥተው ሌላኛውን ጫፍ ጨበጡ።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በል! አንተን ያሳደግኩት ውሃ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው» አሉት። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞሩ። «ሳብ እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?»