ቢጫው እሳት

እሳቱ ቢጫ ሆነ። ሚዛን የሶዲየም መለኪያውን መሣሪያ መስኮት በእጅጌዋ ጠርጋ እንደገና አየች፤ ያው ቢጫ ነው። ከቱቦው እሳቱ ላይ የሚረጨው ደግሞ የተጣራ ውሃ እንጂ ሌላ አይደለም። ሶዲየም የሌለበት ውሃ እሳቱን ሰማያዊ እንደሆነ ይተወዋል፤ ቢጫ ካደረገው ጨው ገብቶበታል ማለት ነው።

«ሚዛን» ያሏት የላብራቶሪው ሰዎች ናቸው፣ እሷ የለካችውን ማንም አይደግመውም ለማለት። ስሙን ትወደው ነበር። ሙገሳ የማይጣፍጠው ማን አለ!

ከጀርባዋ ጨዌ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ጨዌም ቅጽል ስም ነው፤ በጨው ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ሳይኖባክቴሪያዎችን እንደ ልጅ ስታሳድግ ስለኖረች ነው። ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው። እነዚህ አረንጓዴ ፍጥረታት ውስጣቸው ሶዲየም ከሞላ ይሞታሉ። ስለዚህ በሴላቸው ሽፋን ላይ ዘበኞች ቆመዋል፤ ሾልኮ የገባውን ሶዲየም እየገፉ የሚያስወጡ ፕሮቲኖች። ጨዌ ከዘበኞቹ አንዱን አገኘሁ ብላ፣ ጨው ለማይችል ዘመዳቸው ሰጠችው። ያ ደካማ ዘመድ በጨው ውሃ ውስጥ አረንጓዴ እንደሆነ ከረመ። እሰይ ተባለ! ከዚያ ሚዛን ሴሎቹ ውስጥ ያለውን ሶዲየም ለካች፤ ሞልቶ ተገኘ። ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው። ጥናቱ ተዘጋ፣ ጨዌም ከነገ ጀምሮ እዚህ ቦታ የላትም።

«ይቺን የጠረጴዛ መብራቴን ላንቺ ትቼልሻለሁ» አለች ጨዌ ከወዲያ። «ደግሞ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። አንቺ ምን አደረግሽ? ያየሽውን ነው የተናገርሽው።»

ይሄ ይብሱን ሚዛንን አንገበገባት። ዛሬ ጠዋት አዲስ የቱቦ ክዳን ሲመጣ ነበር ነገሩ ትዝ ያላት። የጨዌን ሴሎች በለካችበት ቀን ክዳን አልቆ ነበር። የሌሎቹ ተመራማሪዎች ቱቦዎች ሁሉ ተለክተው የቀሩት የጨዌ ቱቦዎች ብቻ ነበሩ። ክዳን እስኪመጣ ማን ቁጭ ይላል ብላ፣ ጓንት እንኳ ሳታደርግ፣ ውስጡ እንዲደባለቅ አውራ ጣቷን የቱቦው አፍ ላይ ደፍና ገልበጥ ገልበጥ አደረገቻቸው። አሁን ያንኑ በንጹሕ ውሃ ደገመችው። ጨው የመጣው ከባክቴሪያው ሳይሆን ከገዛ ላቧ ነው።

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በልቧ። ዝም ብትልስ? ማን ያውቅባታል? ይህን በማሰቧ ደግሞ ዳግመኛ አፈረች።

«ምነው፣ መሣሪያው አመመው እንዴ?» አለች ጨዌ።

«ጨዌ... ዘበኛሽ አልተኛም።»

«ምን?»

«ሶዲየሙን ያስወጣዋል። እኔ የለካሁት የጣቴን ላብ ነው። ክዳን አልቆ... በጣቴ ደፍኜ... ጉድ ሠራሁሽ።»

ስድብ ጠበቀች። ጥፊም ቢሆን በወደደች። ጨዌ ግን የያዘችውን ዕቃ ጥላ ተነሳች፤ «ይሠራል? የእውነትሽን ነው? እኔኮ ብያለሁ! አረንጓዴ ነበር እኮ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች። ሚዛን እንደ ግንድ ቆመች። አጥፍታ ሳለ እንዲህ መታቀፏ ከጥፊ ይልቅ አመማት።

ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጨዌ ለቀቀቻትና ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«አለቃችን፣ ልኬቱን ሌላ ሰው ይድገመው ብሎኝ ነበር» አለች ወለሉን እያየች። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እሷን መጠራጠር ይሆንብኛል፣ እንደ እህቴ ናት አልኩት።»

ጨዌ ተነሥታ አረንጓዴዎቹን ጠርሙሶች ከካርቶኑ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ሚዛን ልታግዛት እጇን ዘረጋች፤ ጠርሙሱ ጋ ሊደርስ ሲል መልሳ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።