የዓርብ ወተት

«ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስህ ቁጠርልኝ» አለች ሰብለ።

አለበል ጣሪያውን ያይ ጀመር። እናቱን እመት ተናኜን ግን አላስቻላቸውም። «እኔስ መቼ ቆጥሬ አውቃለሁ? እኔንም እብድ በይኛ!»

ሰብለ ፈገግ አለች። ልጅ እግር ናት፤ የሰውን አእምሮ መርምራ ለፍርድ ቤት የምትጽፍ ባለሙያ ናት ብለዋቸዋል። አለበል የጎረቤቱን የሀብተሚካኤልን የጤፍ ክምር አቃጥሎ ተይዟል። ዳኛው አእምሮው ይመርመር ስላሉ ነው ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም በፖሊስ ያመጡት።

«እናቴ፣ ማቃጠሉንማ ራሱም አልካደም። እኔን የሚጠይቁኝ፣ ሲያቃጥል የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ ብለው ነው። ካወቀ ይታሰራል፤ ካላወቀ ይታከማል።»

«ያውቃል እንጂ! ሀብተሚካኤል ድንበሩን ገፋበት፣ እሱም ተበቀለ። ወንድ አይደለም? ይታሰር! ታስሮ የወጣ ስንት አለ። እብድ ከተባለ ግን ከቤቱ ማን ያገባል? ሁለት ሴት ልጆች አሉት።»

«ክምሩ በስሜ ጠራኝ ብሏል እኮ ለፖሊስ።»

«አስመስሎ ነዋ! ሞኝ መሰለሽ?»

ሰብለ ብዕሯን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ አሮጊቷ አስጠጋች። «እኔም የቸገረኝ እሱ ነው። አስመሳይና ታማሚ በምን ይለያል ይላሉ?»

እመት ተናኜን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የተማረ ሰው የለም። ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ይኸን የማውቀው እኔ ነኝ። ደግሞ እንዳንች በቁጥር አላደክመውም። ዛሬ ዓርብ አይደል? ወተት አስመጭለት። በስምንት ዓመቱ ኩፍኝ ይዞት፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል፣ ረቡዕ ነው ብሎ ወተቴን የመለሰ ልጅ ነው። አእምሮው ከቦታው ካለ አይነካትም። ያን ጊዜ ትጽፊያለሽ።»

«እሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ እናቴ።»

«ፈራሽ?»

ሰብለ አለበልን አየችው። «እሺ። ግን እርስዎ ይስጡት።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ አድማሴ «ጉድ እኮ ነው» እያለ ሄዶ ከማዶው ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ወተት ይዞ መጣ። «ለሕፃን ነው ብዬ ነው የሰጡኝ» አለ።

እመት ተናኜ ብርጭቆውን ለልጃቸው ዘረጉለት። «እንካ አለቤ። ወተት ነው። ዛሬ ዓርብ ነው።» ዓርብ የምትለዋን አጥብቀው ነው የተናገሯት።

አለበል ተቀበለ። እመት ተናኜ «እዪው እንግዲህ!» ሊሉ ወደ ሰብለ ዞሩ።

ወደ እሱ ሲመለሱ እያማተበ ነበር። ከግንባሩ ወደ ሆዱ፣ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ፣ ልክ እሳቸው እንዳስተማሩት። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጭላጩ ጠጣው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እመት ተናኜ ጆሮውን አዩ። አልቀላም። ጎንበስ ብለው ዞረው የወዲያኛውንም አዩ።

ሰብለ ብዕሯን አንስታለች፤ ግን አልጻፈችም። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል።

«ምን ታይኛለሽ? ጻፊው!» አሉ እመት ተናኜ።

የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከልጃቸው ጢም ላይ ወተቱን ይጠርጉ ጀመር። ጢሙ ከጠራም በኋላ እጃቸው አልቆመም።