ነቅተው የሚጠብቁበት ግቢ

ወይዘሮ ትርንጎ ሐዋሳ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ሲነሱ፣ ውሻቸውን ነብሮን የሚተዉበት ቦታ ፍለጋ ወጡ። በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ያሉት የውሻ ማቆያዎች፣ ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ፣ ወራትም ቢሆን፣ ውሻውን በመድኃኒት ያስተኙት ነበር።

ገርጂ ያለው ማቆያ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነበር።

«አይርበውም፤ እርስዎም አይናፍቁትም፣ እማማ» አለቻቸው አስተናጋጇ። «ሲነቃ አሁን የተለያችሁ ነው የሚመስለው።»

ወዲያው አንድ ሰው ከወራት ጉዞ ተመልሶ ውሻውን ሊወስድ መጣ። ውሻው ነቃ፣ አዛጋ፣ ሰውየውን አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

ወይዘሮ ትርንጎ ሟች ባለቤታቸው ትዝ አሏቸው። ሹፌር ነበሩ። ከመስክ ሲመለሱ የመኪናቸው ድምፅ ገና ከአስፋልቱ ሲሰማ፣ የዚያን ጊዜው ውሻቸው የግቢውን በር ሊሰብር ይደርስ ነበር። ባለቤታቸውም ቤት ሳይገቡ ከውሻው ጋር መሬት ላይ ይንከባለሉ ነበር።

«ነቅተው የሚጠብቁበት ቦታ የለም?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሱሉልታ አንድ አሮጌ ግቢ አለ። ግን እዚያ ያለቅሳሉ፣ እማማ።»

ነብሮን ሱሉልታ ወሰዱት። ሲለዩት ጩኸቱ እስከ ታክሲው ድረስ ተከተላቸው፤ ሐዋሳም ሆነው ከጆሯቸው አልጠፋም።

ሲመለሱ ነብሮ አልዘለለም። አያቸውና ጀርባውን ሰጥቷቸው ተኛ። ሣሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። ከብዙ ቆይታ በኋላ እያጉረመረመ መጥቶ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ ጣለ።

«አኮረፈኝ እኮ!» አሉ ለግቢው ጠባቂ፣ እንባቸው እየወረደ እየሳቁ። «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ፣ ዘገየሽ ብሎ የሚያኮርፈኝ አጥቼ ነበር።»