ባለ አንበሳው ጠገራ

ጋሽ ምትኩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የላፍቶ ቤታቸውን በር የሚያንኳኳ ቢኖር ወይ ቆጣሪ አንባቢው ነው፣ ወይ ጋሽ ሲራክ። ቆጣሪ አንባቢው ግን አይከራከርም።

የክርክሩ ሰበብ አንድ ማርትሬዛ ጠገራ ብር ነው። ብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አንበሳ በማኅተም ተመትታለች። እንዲህ ያለው ጠገራ ብርቅ ነው፤ እውነተኛ ከሆነ።

«ፎርጅድ ነው!» ይላሉ ጋሽ ሲራክ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሀና ማርያም መጥተው ገና ወንበር ሳይዙ። «ይሄ አንበሳ ነው? የታመመች ድመት እንጂ!»

«የታመመውስ ዓይንህ ነው! ቅናት ይዞህ ነው እንጂ!»

አጉሊ መነጽር እየተነጣጠቁ ይውላሉ። ሁለት ሽበታሞች ስለ አንዲት የአንበሳ ጅራት ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ሲጮኹ የሰማ ጎረቤት የርስት ክርክር ይመስለዋል። ጋሽ ምትኩ ራሳቸው በራሳቸው ይስቃሉ። ቢሆንም ከዓርብ ጀምሮ ጆሯቸው በር ላይ ነው። ጋሽ ሲራክ የቀሩ ዕለትማ ቀኑ አልመሽ ይላቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሲራክ ፌኔት የምትባል የጥንት ዕቃ ነጋዴ ይዘው ከች አሉ። ጋሽ ምትኩ ደንግጠው ጠገራውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ጋሽ ሲራክ ለምነው መዳፋቸውን አስከፈቷቸው።

ፌኔት አገላብጣ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ዋጋውን እርስዎ ይጥሩ። አልከራከርዎትም» አለች።

«አይሸጥም!» ጋሽ ምትኩ ጠገራውን ከእጇ መነተፉ። «አይሸጥም አልኩ፣ በማርያም ተዪኝ!»

ፌኔት እያጉረመረመች ሄደች።

«ተሸነፍኩ» አሉ ጋሽ ሲራክ። «ፎርጅድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ገዢ ሲመጣልህ እጇ ላይ ጥለህላት ትገላገል ነበር። እውነተኛ ነው። ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ስንት ዘመን አደረቅኩህ።»

ጋሽ ምትኩ ደስ ሊላቸው ሲገባ አጉሊ መነጽሩን አቀበሏቸው። «እስቲ ጅራቷን ደግመህ እያት» አሉ።

«ምኗን አያታለሁ? አበቃ! ከእንግዲህ ቅዳሜን ፉሪ ልጄ ጋ ነው የምውለው። እሷም ቀረህብኝ እያለች ነው።»

ጋሽ ምትኩ ታክሲ ድረስ ሸኟቸው።

ተመልሰው በሩን ዘጉ፤ ከአልጋቸው ሥር መዶሻና ሞረድ አወጡ፤ ምንም ያልተመታበት ሌላ ጠገራ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «የመታሁት አንበሳስ ክርክር አለቀበት፤ እስቲ ደግሞ ዝሆን ልሞክር» አሉ።